በሰሜን ሸዋ ደጋ የታመመ ካክተስ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ በዕቃ የተተከለ ካክተስ ሲታመም አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚያደርገው ውሃ ማጠጣት ነው፤ ተክሉን የሚገድለውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ካክተስ በግንዱ ውስጥ ያጠራቀመውን ውሃ ለሳምንታት እየቆጠበ ስለሚኖር ጥማትን ይችላል፤ ሥሩ በብርድ ውስጥ እርጥብ ሆኖ መሰንበትን ግን አይችልም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ሰማዩ ደመና ሲሆን አንድ ጊዜ የራሰ የጣሳ አፈር ለሳምንታት ሳይደርቅ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ምልክቱ ምንም ይሁን ምን፣ የአፈሩንና የሥሩን ሁኔታ ሳያዩ ውሃ አይጨምሩ።

ከሕክምናው በፊት ተክሉ በእርግጥ ካክተስ መሆኑን ማየት ይጠቅማል። በአገራችን በዱርና በአጥር የሚበቅለው ዛፍ መሰሉ ቁልቋል ከካክተስ ወገን አይደለም፤ ሲቆረጥ የሚፈሰው ነጭ ወተት ቆዳን ያቆስላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ካክተስ እሾኹ የሚወጣው እንደ ትንሽ የጥጥ ትራስ ካለች ነጥብ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር በአመዛኙ ለሁለቱም ይሠራል፤ ወተት ያለውን ሲቆርጡ ግን ጓንት ያድርጉ፣ ልጆችንም ያርቁ።

ግንዱ ሲጨማደድ

ከምልክቶች ሁሉ አሳሳቹ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ፍጹም ተቃራኒ መንስኤዎች አንድ ዓይነት መልክ ይሰጡታል። ተክሉ የሚጨማደደው ውሃ አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሥሩ በውሃ ብዛት በስብሶ፣ በእርጥብ አፈር መካከል ተቀምጦ መጠጣት አቅቶት ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በሐምሌ ወር የተጨማደደ ካክተስ ጠምቶት ነው ብዬ ደጋግሜ አጠጥቼው፣ በነሐሴ ከሥሩ ተገንጥሎ ወድቋል። ያን ጊዜ ከዕቃው አውጥቼ ሥሩን ባየው ኖሮ ይተርፍ ነበር።

ለመለየት ቀጭን የእንጨት ስንጥር እስከ ዕቃው ወለል ድረስ ሰክተው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩ። ስንጥሩ ደርቆ ከወጣና ግንዱ ሲነካ ጠንከር ያለ ከሆነ ችግሩ ጥማት ነው። ዕቃውን ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አስቀምጠው አፈሩ ከታች ወደ ላይ እንዲርስ ያድርጉ፤ ከዚያ አውጥተው ውሃው በሙሉ እስኪንጠባጠብ ይጠብቁ። ተክሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሙላት ይጀምራል። ስንጥሩ እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ግን ካክተሱን በተጣጠፈ ጋዜጣ ይዘው ያውጡትና ሥሩን ይመልከቱ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና የማይበጠስ ነው፤ የበሰበሰው ጠቁሮ፣ ሲጎትቱት ልጡ ተገፎ ክር መሰል ነገር ብቻ ይቀራል።

የግርጌው መለስለስና መጥቆር

ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ለስልሶ፣ ቡናማ ሆኖ መሽተት ከጀመረ ብስባሴው ከሥር ወደ ግንድ ወጥቷል ማለት ነው፤ ቀን በተጨመረ ቁጥርም ወደ ላይ ይገሰግሳል። የሚያድነው መቁረጥ ብቻ ነው። ስለታም ቢላዋ በአልኮል ጠርገው ከበሰበሰው ክፍል ከፍ አድርገው ይቁረጡና የተቆረጠውን ፊት ያስተውሉ። በመሃል ክብ ሆኖ የሚታየው የውሃ መተላለፊያ ቡናማ ወይም ብርቱካንማ ነጥብ ካለበት በሽታው አላለቀም፤ በየጊዜው ቢላዋውን እየጠረጉ፣ ሥጋው ጥርት እስኪል ድረስ በስሱ መቁረጥዎን ይቀጥሉ። አንዲት ነጥብ እንኳ ብትቀር ብስባሴው ከእርሷ ተነስቶ ይመለሳል።

ንጹሑን ቁራጭ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው፣ አየር በሚዘዋወርበት ደረቅ ቦታ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ከተጋደመ እያደር ይጎብጣል። ቁስሉ ጠንካራ ልጥ እስኪያወጣ ትንሹ አንድ ሳምንት፣ ወፍራሙ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ በክረምት ከዚህም ሊረዝም ስለሚችል ከቤቱ ሁሉ ሞቃቱን ክፍል ይምረጡለት። ከዚያ በደረቅ አፈር ላይ ያስቀምጡት፤ ሥር መስደድ እስኪጀምር ድረስም ውሃ አይስጡት።

አፈሩን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ከጓሮው ዝቆ የሚሞላው መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ለጤፍና ለስንዴ ቢስማማም ለካክተስ ግን አይሆንም፤ ሲርስ እንደ ጭቃ ይዘጋል፣ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። አንድ እጅ ቀላል አፈር፣ አንድ እጅ የታጠበ ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደግሞ ለግንባታ የሚሸጠው ቀይ አሽ ደቀቅ ተደርጎ ቢቀላቀል ውሃ አይቋጥርም። ትኩስ ፍግና የምድጃ አመድ አይጨመርበት። የወተት ጣሳም ሆነ የዘይት ጀሪካን፣ ከታች ካልተበሳ ማናቸውም ጥንቃቄ ከንቱ ነው።

የውርጭና የፀሐይ ጉዳት

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውጭ ያደረ ካክተስ በማግስቱ ውሃ የቋጠረ መስታወት መስሎ፣ በኋላም ጠቁሮ ከታየ ውርጭ መትቶታል። በዚህ ጊዜ ቸኩሎ መቁረጥም ማጠጣትም አያስፈልግም። ደረቅ ቤት ውስጥ አስገብተው የሞተውና የተረፈው ክፍል በግልጽ እስኪለይ ይጠብቁ፤ የሞተው ክፍል ደርቆ ከቀረ ይተዉት፣ ከለሰለሰ ግን ከላይ እንደተባለው ይቁረጡት። ቤት የማይገባ ትልቅ ተክል ካለ ማታ ማታ ጆንያ ከተክሉ እንዳይነካ በእንጨት ወጥረው ያልብሱት፣ ጠዋት ይግለጡት። አፈሩ ደረቅ የሆነ ተክል ብርዱን በተሻለ ይቋቋማል።

በፀሐይ በኩል ብቻ የሚታይ ነጣ ያለ ወይም ገለባማ ደረቅ ጠባሳ ደግሞ ቃጠሎ ነው። በደጋ ቀዝቃዛ አየር መካከል ፀሐይዋ የምታቃጥል አትመስልም፤ ነገር ግን ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሯ ይበረታል። ክረምቱን ቤት ውስጥ የከረመ ካክተስ በመስከረም ወጥቶ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ይቃጠላል። በጠዋት ፀሐይ ጀምረው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ ያለማምዱት። ጠባሳው አይጠፋም፤ ተክሉንም አይገድልም።

የጫፉ መቅጠንና ወደ መስኮት ማዘንበል

ይህ የብርሃን ማነስ ነው። የቀጠነው ክፍል ተመልሶ አይወፍርም፤ ብርሃን ወዳለበት ካለማመዱት በኋላ በበጋ ቆርጠው እንደ አዲስ ሊተክሉት ይችላሉ።

በእሾኾቹ መካከል ጥጥ መሰል ነገር

ጥጥ መሰሉ ነገር ከእሾኹ ትራስ ውጭም ከተዛመተና ሲነኩት ከተነሣ ተባይ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል በጥጥ ነክረው፣ ፀሐይ በሌለበት ሰዓት እያንዳንዱን ይጥረጉ፤ እንቁላሉ ስለሚፈለፈልም በየሳምንቱ ለአንድ ወር ይድገሙት። በሥሩም ላይ ካለ አፈሩን ሙሉ በሙሉ ይቀይሩ።

በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ቆላ ግን አፈር ቶሎ ስለሚደርቅ በበጋ በየሳምንቱ ማጠጣት ሊያስፈልግ ይችላል፤ በደጋው በበጋም ቢሆን ከ15 ቀን አንድ ጊዜ ይበቃል፣ በክረምት ጨርሶ ይቆማል። የታከመው ተክል ማገገሙ የሚታወቀው ከጫፉ መሃል ቀለማቸው የደመቀ አዳዲስ እሾኾች ሲወጡ ነው፤ ወደ መደበኛው ውሃ የሚመለሰውም ያን ጊዜ ነው።