ካታሊቲኩን ከማስቆረጣችሁ በፊት

ሳሪስ አካባቢ ባለችው ጋራዤ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። «ካታሊቲኩን ብታወጣልኝስ?» ይሉኛል። ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ የቪትዝ፣ የያሪስ ወይም የኮሮላ ባለቤቶች ናቸው። ሌላ ቦታ «መኪናው ታፍኗል፤ እሱ ከወጣ ይለቀቃል፤ ነዳጅም ይቆጥባል» ተብለው ነው የሚመጡት። እኔ አላወጣም። ለምን እንደማላወጣ፣ በምትኩ ምን እንደማደርግ፣ እናንተም እሺ ከማለታችሁ በፊት ምን ማስፈተሽ እንዳለባችሁ ልጻፍላችሁ።

ካታሊቲክ ኮንቨርተር በጭስ መስመሩ ላይ፣ በሞተሩና በማርሚታው መሃል የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ሴራሚክ አለ። ሴራሚኩ በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም ተለብጧል። ጭሱ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀየራል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ናይትሮጅን ኦክሳይዱም ወደ ተራ ናይትሮጅን ይመለሳል። ጤነኛ ካታሊቲክ ከሞቀ በኋላ ከእነዚህ መርዞች ከ90 በመቶ በላይ ያጠፋል። 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪደርስ ግን በደንብ አይሠራም።

የተደፈነ ካታሊቲክ መኪና ያፍናል፤ ይህ እውነት ነው። ጤነኛው ግን የሚወስደው ጉልበት በጣም ጥቂት ስለሆነ በቪትዝ ላይ ልዩነቱ አይታወቃችሁም። ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗን ብዙ ሰው ይረሳል። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ቢያንስ የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያጣል። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ይብስበታል። ከዱባይ የመጣ መኪና እዚያ የነበረውን ያህል ባይሮጥ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ካታሊቲክ ቆርጦ መጣል አየር አይጨምርም።

ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለውም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ቤንዚኑን የሚመጥነው በዋናነት ከካታሊቲኩ በፊት ባለው የኦክስጅን ሴንሰር እየተመራ ነው። ከኋላ ያለው ሁለተኛው ሴንሰር ዋና ሥራው ካታሊቲኩ መሥራቱን መከታተል ነው። ካታሊቲኩ ሲወጣ ይህ ሴንሰር ያሳብቃል፤ ቼክ ኢንጂን ይበራል፣ ስካነር ሲሰካ ፒ0420 የሚል ኮድ ይወጣል። አንዳንዱ ሴንሰሩን በማታለያ ቧንቧ ከፍ አድርጎ መብራቱን ያጠፋዋል። ሌላው መብራቱን ለምዶ ይነዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ መብራቱ ሁልጊዜ በርቶ ከኖረ ነገ ሌላ ብልሽት ሲመጣ በምን ታውቃላችሁ?

ባለፈው ክረምት የሜትር ታክሲ የሚሠራ ወጣት ቪትዝ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ዳገት ላይ እምቢ አለኝ። ካታሊቲኩን አስቆርጠው ብለውኛል» አለኝ።

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ምን እንደገደለው እንይ» አልኩት።

ስካነሩን ስሰካ ፒ0420 ብቻውን አልነበረም። ፒ0303ም አብሮት አለ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። ለካንዴላው የእሳት ብልጭታ ኃይል የሚሰጠው ኮይል ሞቷል። ካንዴላውን ስፈታው ጫፉ ቤንዚን እንደነካው ጥቁርና እርጥብ ነበር። በዚያ ሲሊንደር ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ መስመሩ ይገፋል፣ ካታሊቲኩ ውስጥ ገብቶ እዚያ ይነዳል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ሴራሚኩ ቀልጦ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ልጁ አስቆርጦ ቢሄድ ኖሮ መኪናው ለጊዜው ይለቀቅለት ነበር። ኮይሉ ግን እንደሞተ ነው፤ ቤንዚኑ መባከኑን፣ የሞተር ዘይቱም መቅጠኑን ይቀጥላል።

በአጭሩ ካታሊቲክ ያለ ምክንያት እምብዛም አይሞትም፤ ገዳይ አለው። ገዳዩን ሳታገኙ አውጥታችሁ ብትጥሉትም ሆነ አዲስ ብታስገቡ ገንዘባችሁ ይባክናል። ገዳዮቹ እነማን ናቸው? የሞተ ኮይልና ያረጀ ካንዴላ አንደኛ ናቸው። ሁለተኛው ዘይት የሚበላ ሞተር ነው። እኛ ኤክስኪዩቲቭ የምንላቸው ኮሮላዎች ውስጥ በፋሻ (በፒስተኑ ቀለበት) በኩል ዘይት የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው፤ የተቃጠለው ዘይት አመድ ሴራሚኩን ይለብሰዋል። በቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስ ማሸጊያ) በኩል ወደ ሲሊንደር የሚገባ የራዲያተር ውሃም እንዲሁ ያበላሸዋል።

ሁለት ልማዶቻችንም አሉበት። ባትሪ ሲደክም መኪና ገፍቶ ማስነሳት አንዱ ነው። ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ጥሬ ቤንዚን ወደ ካታሊቲኩ ይሄዳል፤ ስለዚህ በኬብል ከሌላ ባትሪ አስነሱ። ሁለተኛው የእኛ የመካኒኮች ነው። የትኛው ሲሊንደር እንደሞተ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ ኮይል እየነቀልን እናዳምጣለን። መካኒካችሁ ይህን ሲያደርግ ካያችሁ የኢንጀክተሩን ሶኬት እንዲነቅል ጠይቁት፤ ያኔ ቤንዚኑም አብሮ ይቆማል።

ወደ ፍተሻው እንግባ። በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮው ንጹሕ መሆኑን፣ የነዳጅ ፓምፑም በቂ ግፊት መስጠቱን አረጋግጡ። ከዚያ ስካነር ይሰካ። ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም የሚሉት ከፒ0300 እስከ ፒ0304 ያሉት ኮዶች ካሉ ቀድመው ይሠሩ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካታሊቲኩን በጎማ መዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። ውስጡ ከተንኳኳ ሴራሚኩ ተሰብሯል፤ ስብርባሪው ወደ ማርሚታው ሄዶ ሊደፍነው ይችላል።

መደፈኑን በቁጥር ማወቅ ከፈለጋችሁ የፊተኛው ሴንሰር ተፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ይታሰር። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ከ1.5 ፒኤስአይ፣ በ2,500 ዙር ደግሞ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ካሳየ መስመሩ ታፍኗል። መለኪያ የሌለው ጋራዥ ሴንሰሩን ብቻ ፈትቶ ለአጭር ርቀት ይንዳው። ጩኸቱ ይበዛል፤ ጉልበቱ ግን ባንዴ ከተመለሰ መልሱ ተገኘ። ትኩሱ ጭስ በአቅራቢያው ያለ ሽቦ ስለሚያቀልጥ ብዙ አትንዱት። የሌዘር ቴርሞሜትር ካላችሁ መኪናው በደንብ ሞቆ በ2,500 ዙር ላይ እያለ መግቢያውንና መውጫውን ለኩ። በሚሠራ ካታሊቲክ መውጫው ከመግቢያው ጋር ይቀራረባል ወይም ትንሽ ይበልጣል። መውጫው በጣም ከቀዘቀዘ ችግር አለ።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ከሞተር በቀጥታ የሚወጣው ጭስ ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው። ይህ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። ካታሊቲኩ ተቆርጦ በቦታው የሚበየደው ቱቦ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከወለሉ ሥር ነው። ብየዳው በመንገዱ ንዝረት ሲሰነጠቅ ጭሱ ከሥራችሁ ይወጣል። በክረምት፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ መኪና ቆሞ ሲውል ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ናቸው የሚተነፍሱት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከመኪና ስትወርዱ የሚለቃችሁ ከሆነ ቀላል ነገር አይደለም፤ መኪናውን አቁማችሁ አስፈትሹ። ውጭ ያለውም ሰው አለ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቆመው ትራፊክ ፖሊስ፣ ከጭስ ማውጫው ጎን በቆሎ የምትጠብሰው እናት፣ በእናቷ ጀርባ የታዘለችው ሕፃን ያንን ጭስ ይስባሉ። ይህን እያወቅሁ መጋዝ ማንሳት አልችልም።

«በነጻ እናወጣልሃለን» ከተባላችሁ ደግሞ ጠርጥሩ። ውስጡ ያሉት ማዕድኖች ውድ ናቸው። አሜሪካ ፕሪየስ የሚነዱ ወገኖቻችን ሌሊት ከመኪናቸው ሥር በመጋዝ እየተቆረጠ የሚሰረቅባቸው ለዚሁ ነው። በማንኛውም ምክንያት ከተፈታ አሮጌውን ተቀበሉ፤ ንብረታችሁ ነው።

በእርግጥ የሞተ ከሆነ ይቀየር። የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ ያሉን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ፤ ወጪው ከንቱ አይሆንም። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ስትገዙ ዕቃውን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ በአንድ በኩል ተመልከቱ። ዕቃው ቀጥ ያለ ከሆነ ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ሁሉ እኩል ማለፍ አለበት። አንድ ጎኑ የጨለመ፣ የቀለጠ ወይም በዘይት ጥላሸት የረጠበ ከሆነ ተዉት። ነቅንቁት፤ ምንም መንኳኳት የለበትም። የሴንሰሩ መግጠሚያ ከእናንተው ጋር አንድ መሆኑንም እዩ። ሻጩ ውስጡን በብረት ወግቶ ያራገፈውን ባዶ ቆርቆሮ እንዳይሰጣችሁም ተጠንቀቁ፤ ክብደቱ ብቻ ይነግራችኋል።

ቀድሞ የወጣባችሁ ከሆነና ለጊዜው መግዛት ካልቻላችሁ፣ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነስታችሁ በብየዳዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ አፍስሱ፤ አረፋ የሚሠራው ቦታ ይታደስ። ጭስ እንዳያስገባ የኋላ ኮፈኑን ማሸጊያ ጎማ አስጠግኑ። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታስነሱ። የኋለኛውን ሴንሰር ሽቦም አታስቆርጡ፤ አዲሱ ሲገባ ያስፈልጋል።

አዲሱ ከገባ በኋላ ኮዱ ይጥፋና ለጥቂት ቀናት ንዱት፤ ከቻላችሁ አንድ ቀን በአዳማው ፈጣን መንገድ በተረጋጋ ፍጥነት ይሂድ። ከዚያ ስካነሩ እንደገና ይሰካ። ፒ0420 ከተመለሰ ሻጩ ጋ ከመሮጣችሁ በፊት ከሞተሩ እስከ ኋለኛው ሴንሰር ያለውን መስመር አስፈትሹ። በትንሽ ቀዳዳ የሚገባ አየር ሴንሰሩን አሳስቶ ደህናውን ካታሊቲክ የሞተ ያስመስለዋል።