ሐረር የራምቦን ቤት ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዛሬ ሙዚየም የሆነው ይህ ቤት ስሙ የራምቦ ይባል እንጂ ያሠራው የህንድ ነጋዴ ነው። ትልቁ ስህተት ይህን ሳያውቁ ገብቶ «አልጋው የት ነበር?» እያሉ መፈለግ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ለንግድ ሐረር የገባው በ1880 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሄድ መለስ እያለ እስከ 1891 ቆየ። በመጨረሻ እግሩን ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወደብ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ ሞተ። ዛሬ የምናየው ቤት የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ለምን እንሂድ? ለቤቱ ለራሱ! ብዙ ሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ብቻ አንብቦ ይወጣል፤ ቀና ብሎ በሥዕል ያጌጠውን ኮርኒስ፣ የእንጨት ሥራውንና ባለቀለም መስኮቶቹን ሳያይ። ፀሐይ በመስታወቱ ሲገባ ቀለሙ ወለሉ ላይ ይወርዳልና ደመና ያልሸፈነው ጠዋት ይመረጣል።

የቆዩ የሐረር ፎቶዎችንም በችኮላ አይለፉ። ራምቦ ራሱ በ1883 ካሜራ አስመጥቶ እዚህ ፎቶ አንስቷል። ፍላሽ ግን ያጥፉ፤ ከመስታወት ላይ ነጥሮ ፎቶዎን ያበላሻል።

የራምቦን ቤት አይቶ «የሐረሪ ቤት አየሁ» ማለትም ስህተት ነው። የሐረሪው ባህላዊ ቤት፣ «ጌይ ጋር» የሚባለው፣ ሌላ ነው፦ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች (ነደባ) አሉት፤ ሰው እንደየክብሩ ይቀመጥባቸዋል፤ ግድግዳው በሰፌድና በሳህን ይሞላል። እሱን ለብቻው ይጎብኙ።

ወደ ራምቦ ቤት በምሳ ሰዓት አይሂዱ፤ ዝግ በር ይጠብቅዎታል። ዓርብ ደግሞ በጁምዓ ሶላት ምክንያት ዕረፍቱ ይረዝማል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ቢደርሱ ይበቃል።

ጀጎል ውስጥ፣ ማለትም በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ በስልክ ካርታ ብቻ መመራት ያደናግራል፤ መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፣ አንዳንዶቹም መውጫ የላቸውም። ፈረስ መጋላ ከሚባለው አደባባይ ተነስተው ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ይውረዱና ይጠይቁ። አስጎብኚ ከያዙ ዋጋውንና የሚያዩአቸውን ቤቶች ሳይንቀሳቀሱ ይስማሙ፤ ጭቅጭቁ ሁሉ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የራስ ተፈሪ ቤትም በቅርብ ርቀት ስላለ ሁለቱን አንድ ላይ ያስገቡ። እሱ የሸሪፍ ሙዚየም ነውና የመግቢያ ክፍያው ለብቻ ነው፤ ዝርዝር ብር ይያዙ።