የፊልም ቀረጻ ድምጽ ሥራ፦ ከቡም እንዴት ይጀመራል?

የቀረጻ ድምጽ ቡድን ሲሟላ ሦስት ሰው ነው። ሚክሰሩ ሪከርደሩን ይዞ እያዳመጠ የድምጹን መጠን ያስተካክላል፤ ለተቀዳው ሁሉ ተጠያቂው እሱ ነው። ቡም ያዡ ማይኩን ቡም በሚባለው ረጅም ዘንግ ከተዋናዩ በላይ ያንዣብባል። ረዳቱ ገመድ ይዘረጋል፣ ባትሪ ይቀይራል፣ የደረት ማይክ ያስራል። በጀት ሲያጥር ሦስቱም ሥራ አንድ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ጀማሪ በቡም ይጀምር። ዘንጉን በሁለት እጅ ከራስ በላይ፣ ክንድን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው፤ ክርን ከታጠፈ ክብደቱን ጡንቻ ብቻ ስለሚሸከመው ቶሎ ይዝላል። የማይኩ ጫፍ ከአፍ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ትንሽ ከፊት ሆኖ ወደ ደረት ያነጣጥር። ከፍታውን ለማወቅ ማይኩ ምስሉ ውስጥ ታይቶ ካሜራማኑ «ገባ!» እስኪል ዝቅ አድርጉት፤ ከዚያ አንድ ስንዝር ከፍ። ቀለበት አውልቁ፤ ዘንጉን ሲነካ የሚያሰማው ድምጽ ከንግግሩ ጋር ይቀዳል።

ቃለ ተውኔቱን በቃል ማጥናትም የቡም ያዡ ሥራ ነው። ማይኩ ወደ ሁለተኛው ተዋናይ መዞር ያለበት እሱ አፉን ሳይከፍት ነው፤ ከዘገየ የመጀመሪያው ቃል ከሩቅ የመጣ ይመስላል። ቤት ውስጥ ሁለት ጓደኞችን እርስ በርስ እያነጋገሩ መለማመድ ይቻላል።

ሪከርደሩን በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በዌቭ ፋይል አዘጋጁት። ማይኩ ኮንደንሰር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ዓይነት ከሆነ፣ ሪከርደሩ በገመዱ የሚልክለትን 48 ቮልት አብሩ። ተራ ንግግር ከ-20 እስከ -12 ዴሲቤል መካከል ይዋል። በልምምድ ያንሾካሸከ ተዋናይ ካሜራው መቅረጽ ሲጀምር ይጮሃል፤ የመለኪያው ጣሪያ የሆነውን 0 ከነካ ድምጹ ይሰነጠቃል፣ ኤዲተርም በወጉ አይመልሰውም።

ፒያሳ የሚቀረጽ ከሆነ ቦታውን ቀድማችሁ፣ በቀረጻው ሰዓት፣ ሄድፎን አድርጋችሁ ስሙት። የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ የጄኔሬተር ጉርምርምታ፣ የቤኒን መስጊድ አዛን፣ የጎረቤት ቡና ሙቀጫ፤ ሁሉንም ከነሰዓቱ ጻፉ። ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስ አካባቢ የንግግር ትዕይንት ባይያዝ ይሻላል። በክረምት ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተያዘ ቀጠሮ ዝናቡ ሲጀምር አበቃ።

ክፍል ውስጥ አንዴ አጨብጭቡ። ካስተጋባ ከካሜራው ጀርባ ፍራሽ አቁሙ፣ ብርድ ልብስ ስቀሉ። ፍሪጅ ይነቀል፤ የመኪናችሁን ቁልፍ እዚያው ውስጥ አስቀምጡ፣ ሳትሰኩት ወደ ቤት አትሄዱም።

የደረት ማይክ ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ በሕክምና ፕላስተር ይለጠፋል። የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ማይኩን ስለሚፍቀው ከጥልፉ ጎን፣ ለስላሳው ጨርቅ ሥር ይሁን። ነጠላ ከተደረበ ተዋናይቷ እንድትራመድ ጠይቁና አዳምጡ፤ ቆማ ያልተሰማው ስትራመድ ይንኮሻኮሻል።

ትዕይንቱ ሲያልቅ፣ መብራት ሳይነሳ፣ ሁሉም ባለበት ዝም ብሎ የክፍሉን ድምጽ 60 ሰከንድ ቅዱ፤ ኤዲተሩ የቆረጠበትን የሚሸፍነው በዚህ ነው። በመኪና ጥሩምባ የተበላሸ አረፍተ ነገር ካለ ተዋናዩን ያለ ካሜራ ወዲያው አስደግሙት። ሜሞሪ ካርዱ ላይ ያለው የሚሰረዘው ፋይሉ ሁለት ቦታ ተገልብጦ፣ አንዱ ተከፍቶ ከተሰማ በኋላ ብቻ ነው።