ከቁርጥራጭ ብረት እንስሳትን በብየዳ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ዳር ወጣ ባለ የጣና ዳር ግቢ ውስጥ ከቁርጥራጭ ብረት እንስሳትን ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ስህተት የሚፈጽመው መበየጃውን ከማንሣቱ በፊት፣ እንስሳውን ሲያስብና ብረቱን ሲመርጥ ነው።

አንዱ ስህተት እንስሳውን በአካል ሳያዩ መጀመር ነው። ጉማሬ የሚሠሩ ብዙዎች ዓይኑን እንደ በሬ ዓይን በጭንቅላቱ ጎን ዝቅ አድርገው ያስቀምጡታል፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ቆሞ የተመለከተ ሰው ግን የአፍንጫው ቀዳዳዎች፣ ዓይኖቹና ጆሮዎቹ ከፍ ብለው በአንድ መስመር እንደተቀመጡ፣ ገላው ሲሰጥም እነርሱ ብቻ ከውሃው በላይ እንደሚቀሩ ያውቃል። እንደ ሳቢሳ ባሉ ረጅም እግር ባላቸው ወፎች ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የሚታጠፈው መገጣጠሚያ ጉልበት ይመስላል እንጂ ቁርጭምጭሚት ነው። እውነተኛው ጉልበት ከላይ በላባ ተሸፍኖ ወደ ፊት ይታጠፋል። ይህ ካልታወቀ የወፉ ክብደት ከጣቶቹ በላይ ስለማያርፍ ቅርጹ ይደፋል፤ እግሩን በወፍራም ፌሮ መተካትም መልኩን ከማበላሸት በቀር አያድነውም።

ሁለተኛው ብረትን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ መቁጠር ነው። ባሌስትራ፣ ማለትም የመኪና ሞላ ብረት፣ ለቀንድና ለክንፍ ያምራል፤ ነገር ግን ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ ሳይሞቅ ተበይዶ ቶሎ ከቀዘቀዘ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። አሮጌ የሞተር አካል የሚሠራበት ጊዛ ደግሞ ከ2 በመቶ በላይ ካርቦን ስላለው ከዚያም የባሰ ነው። ለመለየት ግራይንደር ማስነካት ይበቃል፦ ተራ ብረት ረጅምና ቅርንጫፉ ጥቂት የሆነ ፍንጣሪ ይተፋል፣ ባሌስትራ ጫፉ ላይ እየፈነዳ የሚበተን፣ ጊዛ ግን አጭርና ደብዛዛ ቀይ። ባሌስትራውን አስቀድሞ አሙቆ፣ 7018 በተባለው፣ እርጥበት ባላገኘው ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) በይዶ፣ በደረቅ አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው ይገባል። ለመቸኮል ሲባል ውሃ የሚያፈስሱበት አሉ፤ ስንጥቁን በገዛ እጅ መጥራት ነው።

የዚንክ ቅብ ያለበትን ቧንቧና ቆርቆሮ ሳይፍቁ መበየድ ጤናን የሚጎዳ ስህተት ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይተንናል፤ ብረት ግን የሚቀልጠው 1500 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኑ ጭሱ የማይቀር ነው። ከሰዓታት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይመጣል፤ በጣና ዳር ይህን ወባ ነው ብሎ መሳሳት ቀላል ስለሆነ፣ ለሐኪም ምን ሲበይዱ እንደዋሉ መንገር ያስፈልጋል። ወተት መጠጣት መርዙን አያጠፋም፤ የሚያድነው ቅቡን ፍቆ፣ ተስማሚ ጭንብል አድርጎ፣ ነፋሱ ጭሱን ከፊት በሚያርቅበት ቦታ መሥራት ነው።

ነዳጅ የነበረበት በርሜልና ያልተከፈተ የመኪና አሞርዛተር (ንዝረት ማብረጃ) እሳት ሲነካቸው ይፈነዳሉና ከነጭራሹ አይነኩ።

በገጠር የመብራት መስመር ኃይሉ ሲወርድ በወፍራም ኤሌክትሮድ መታገል ከላይ የተለጠፈ እንጂ ውስጥ ያልገባ ብየዳ ይሰጣል፤ 2.5 ሚሊሜትሩ ይሻላል። አንዱን ጎን በአንድ ጊዜ በይዶ መጨረስም ቅርጹን ያጣምማል፤ መጀመሪያ ሁሉንም በነጥብ በነጥብ ማያያዝ ተገቢ ነው።

በመጨረሻ የሚዘነጋው ዝናብ ነው። ሆዱ ክፍት የሆነ ጉማሬ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ያቁርና ከውስጥ ይበላል፤ ስለዚህ በዝቅተኛው ቦታ ላይ ውሃ መውጫ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። አንቲረስት ቀለምም የብየዳው ቅርፊት ተቀርፎ፣ ዝገቱ ተፍቆ፣ የሌሊቱ ጤዛ ሳይነካው በዚያው ቀን መቀባት አለበት።