ሙዚቃ የማያውቅ ላይብረሪያን የሙዚቃ ክፍል ሲሰጠው ከየት ይጀምር

ለ6 አመት የያዝኩት የኢኮኖሚክስና የአካውንቲንግ መፅሀፍ ነበር። ከዛ የሙዚቃና የቲያትር ላይብረሪውን የሚይዘው ባልደረባችን ሲለቅ አንተ ያዘው ተባልኩ፣ ይኸው 4 አመት ሆነኝ። ስገባ ኖት ማንበብ ቀርቶ ቪዮላና ቫዮሊን መለየት አልችልም ነበር። አሁንም መሳሪያ አልጫወትም ግን መምህሩ የሚፈልገውን ነገር አግኝቼ እሰጠዋለሁ፣ ከላይብረሪያን የሚጠበቀውም እሱ ነው። በየዩኒቨርሲቲው እንደኔ ያልተማሩት የጥበብ ዘርፍ እየተሰጣቸው የሚጨነቁ ልጆች ስለሚደውሉልኝ አንዴ ልፃፈው ብዬ ነው።

1ኛ፣ ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የሁሉንም ኮርስ አውትላይን ከዲፓርትመንቱ ሴክሬታሪ ውሰዱ። የውጪ ዩኒቨርሲቲ የመፅሀፍ ሊስት ኮፒ ማድረግ ቀላል ይመስላል፣ እኔ ግን አልመክርም፣ የነሱ ተማሪ ኦፔራ እየተማረ የናንተ ተማሪ ማሲንቆ እየተማረ ሊሆን ይችላል።

2ኛ፣ መምህሩን አስፈቅዳችሁ ልምምድ ላይ ተቀመጡ። አንድ ቀን አይበቃም፣ ሁለት ሶስቴ ሂዱ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ መፅሀፉን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ያነባል፣ የሙዚቃ ተማሪ ግን ሁለት እጁ መሳሪያ ላይ ስለሆነ ወረቀቱ ስታንድ (የኖት ማቆሚያ) ላይ ራሱን ችሎ ተከፍቶ መቆም አለበት። እኛ ደግሞ እንዲበረክት ብለን ኖቱን ሁሉ በጠንካራ ሽፋን አስጠርዘን ነበር፣ ስታንድ ላይ ሲቀመጥ ተመልሶ ይዘጋል። ይሄን ያወቅኩት ልምምድ ላይ ተቀምጬ አንዷ ልጅ ገፁን በልብስ መቆንጠጫ ስትይዝ አይቼ ነው፣ ማንም መጥቶ አልነገረኝም።

3ኛ፣ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ ምክንያቱም እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው። እኛ በተለምዶ "ኖት" የምንለው አንድ ነገር አይደለም። ስኮር የሚባለው የሁሉም ተጫዋች መስመር አንድ ገፅ ላይ ተደርድሮ ያለበት ነው፣ ኮንዳክተሩ (ተጫዋቾቹን የሚመራው) ወይም መምህሩ የሚያየው። ፓርት የሚባለው የአንድ ተጫዋች መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ስትሪንግ ኳርቴት፣ ማለትም ለአራት ባለክር መሳሪያ የተፃፈ ሙዚቃ፣ ለመጫወት 4 ፓርት ያስፈልጋል፣ 2 ለቫዮሊን፣ 1 ለቪዮላ፣ 1 ለቼሎ። ቮካል ስኮር ደግሞ የዘፋኞቹ ድምፅ እንዳለ ሆኖ ኦርኬስትራው ወደ ፒያኖ ተጨምቆ የሚፃፍበት ነው። ስተዲ ስኮር የሚባለው ሙሉው ስኮር በትንሹ ታትሞ ነው፣ እያዳመጡ ለመከተልና ለመተንተን እንጂ ለመጫወት አይሆንም።

በመጀመሪያው አመቴ አንድ መምህር ለተማሪዎቹ ፈተና የሞዛርት ኳርቴት ኖት አስገዛልን አለኝ። ፈልጌ አገኘሁ፣ ስሙም ቁጥሩም ትክክል፣ ዋጋው ርካሽ፣ ከላዩ ስተዲ ስኮር ይላል። ስተዲ ሲል ለተማሪ የተዘጋጀ መስሎኝ ተማሪዎቹ 4 ስለሆኑ 4 ኮፒ አዘዝኩ። የውጪ ምንዛሪ ተጠብቆ ግዢ ክፍል ተመላልሼ ከ7 ወር በኋላ መጣ፣ መምህሩ ከፈተውና ዝም አለ። ከዛ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ፅሁፉ ከስታንድ ርቀት አይነበብም፣ አራቱም መስመር አንድ ላይ ስላለ ልጆቹ በየጥቂት ሰከንዱ ገፅ መግለጥ አለባቸው። የአመቱ ባጀት አልቋል። ልጆቹ የተፈተኑት በደበዘዘ ፎቶኮፒ ነው፣ እሱ ቀን እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

ስለዚህ ካታሎጉ ላይ ወይም ሻጩ ድረገፅ ላይ ስለ እቃው የተፃፈውን መግለጫ እስከ መጨረሻ አንብቡ። "1 ስኮር እና 4 ፓርት" የሚል ካለ ለመጫወት ይሆናል። "1 ስኮር" ብቻ የሚል ከሆነ ቁመቱን እዩ፣ 19 ሳንቲሜትር አካባቢ ከሆነ ስተዲ ስኮር ነው፣ የመጫወቻ ፓርት ብዙውን ጊዜ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። መምህሩንም "ኖት ትፈልጋለህ ወይ" ብላችሁ አትጠይቁ፣ "ለመጫወት ነው ለማስተማር፣ ስንት ሰው ነው የሚጫወተው፣ በየትኛው መሳሪያ" በሉት። አላውቅም ማለት ያሳፍረኝ ስለነበር ነው ሳልጠይቅ ያዘዝኩት፣ መምህራኑ ግን ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

4ኛ፣ ስም። አንድ ስራ በ5 ቋንቋ 5 ስም ይኖረዋል። ሞዛርት በ1787 እ.ኤ.አ የፃፈው አይነ ክላይነ ናኽትሙዚክ በእንግሊዝኛ ሌላ ርዕስ አለው፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ሴሬናድ ቁጥር 13 ይባላል፣ ሶስቱም አንድ ናቸው። መፍትሄው የካታሎግ ቁጥር ነው። የሞዛርት በኮሄል (Köchel፣ ስራዎቹን በቁጥር የዘረዘረው ሰው) ነው የሚቆጠረው፣ ይሄኛው 525 ነው፣ በሱ ስትፈልጉ በየትኛውም ቋንቋ ይመጣል። የባህ ቢደብልዩቪ (BWV፣ የስራዎቹ ዝርዝር) ነው፣ የቤትሆቨን በአብዛኛው ኦፐስ (የስራ ቁጥር)። ጀርመንኛ ካታሎግ ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ፣ የኖት ድምፆችን ሲሰይሙ እነሱ "ሀ" ብለው በኤች የሚፅፉት እንግሊዝኛው ቢ የሚለውን ነው፣ የጀርመንኛው ቢ ደግሞ ቢ ፍላት (ከቢ በግማሽ ድምፅ የሚወርደው) ነው። ዱር ማለት ሜጀር፣ ሞል ማለት ማይነር። ይሄን ወረቀት ላይ ፅፌ ኮምፒውተሬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

መደርደሪያው ላይ ብዙ አልቆይም። የመፅሀፍ አመዳደባችሁ ዲውይ ከሆነ 780ዎቹ ናቸው፣ የኮንግረስ ላይብረሪ ከሆነ ኤም (M) ኖቱ ራሱ፣ ኤምኤል ስለ ሙዚቃ የተፃፈ፣ ኤምቲ ማስተማሪያ።

ነፃ የሆነ ኖት ከፈለጋችሁ አይኤምኤስኤልፒ (IMSLP) የሚባለውን ድረገፅ ከማንም በላይ እወደዋለሁ፣ የሞዛርት ኳርቴቶች ከነ ፓርታቸው ፒዲኤፍ አሉ፣ መጀመሪያ እሱን ባየሁ ኖሮ ያ ሁሉ ባጀት አይባክንም ነበር። በኛ አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሰረት የደራሲው መብት በህይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 አመት ይጠበቃል፣ ስለዚህ የቅርብ ጊዜ ሰው ስራ ሲሆን ተጠንቀቁ።

5ኛና 6ኛውን አንድ ላይ ላድርጋቸው፣ የራሳችን ሙዚቃ። ካታሎጉ እዚህ ጋ ነው በጣም የሚያስቸግረው። ማሲንቆን አንዱ በኬ ሌላው በኪው ይፅፈዋል፣ በገና በ2 በ3 አይነት ይፃፋል፣ ክራርም እንደዛው፣ ስለዚህ የሁሉንም አፃፃፍ ሰንጠረዥ ሰርታችሁ አንዱን ስትፈልጉ ሌላውንም ሞክሩ። በገናን የውጪ ሰዎች የዳዊት ሃርፕ ስለሚሉት ሃርፕ ስር የተመደበ አለ፣ በመሳሪያ አመዳደብ ግን በገናም ክራርም ላየር (lyre፣ ከሃርፕ የተለየ ባለክር መሳሪያ) ናቸው። የኛን ሰው ስም ደግሞ ፈረንጅ እንደሚያደርገው የአባትን ስም አስቀድመው የሚገለብጡ አሉ፣ የሙዚቃ ምሁሩን አሸናፊ ከበደን አንዳንድ ቦታ ከበደ ስር ታገኙታላችሁ፣ የሚመከረው አሰራር በራሱ ስም ማስገባት ነው፣ ከከበደ ወደ አሸናፊ የሚመራ ማመሳከሪያ አስቀምጡ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ቅኝቶች እንደሆኑ፣ ግዕዝ፣ እዝልና አራራይ ደግሞ የቤተክርስቲያን ዜማ አይነቶች እንደሆኑ ለይታችሁ እወቁ፣ ተማሪ ስለ እዝል መጥቶ ቅኝት ያለበት መደርደሪያ ብትልኩት ጊዜው ይባክናል። ስለ ድጓው (የቤተክርስቲያን የዜማ መፅሀፍ) ለመጠየቅ ከመፅሀፍ ይልቅ አቅራቢያችሁ ያለ መሪጌታ ጋ መሄድ ይሻላል፣ እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ ብዙ ተምሬያለሁ።

የመጨረሻው ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። የተማሪዎቹን የመመረቂያ ኮንሰርት ቅጂና ፕሮግራም ወረቀቱን ሰብስቡ፣ ከልጆቹ በፅሁፍ ፈቃድ ውሰዱ፣ ቀኑን፣ መሳሪያውንና ቅኝቱን ፅፋችሁ አስቀምጡ። እኛ ጋ ካለፈው አመት ጀምሮ በክራር የተመረቁት ልጆች ቅጂ አለ፣ አዲስ የሚገቡት መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።