የጠፈር መታሰቢያ ሳንቲሞችንና ሜዳሊያዎችን ሲሰበስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሱሉልታ ባለው ቤቴ ከማስቀምጣቸው የጠፈር መታሰቢያዎች የመጀመሪያው፣ በሶቪየት ኅብረት የተማረው አጎቴ ይዞልኝ የመጣው፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ወደ ጠፈር የበረረው የዩሪ ጋጋሪን ሩብል ነው። ሳንቲሙ እ.ኤ.አ. በ1981 የበረራውን 20ኛ ዓመት ለመዘከር የወጣ ሲሆን፣ እኔ ግን ጠቁሯል ብዬ በሎሚና በአመድ ፈተግሁት፤ ዛሬ ወደ መስኮት ስመልሰው የጋጋሪን ጉንጭ በአሸዋ እንደተፈተገ ድስት ተጫጭሮ ይታያል። ማጽዳት የመጀመሪያውና የማይታረም ስህተት ነው። አቧራ ካለው በለብታ ውኃ አለቅልቆ፣ ሳይፈትጉ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል።

ሁለተኛው ስህተት የሚያብረቀርቀውን ሁሉ ብር ነው ብሎ መግዛት ነው፤ ቋንቋችን ገንዘቡንም ማዕድኑንም «ብር» ማለቱ ራሱ ያሳስታል። አንድ የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ የአሜሪካ ብር ነው» ብሎ የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ምስል ያለበትን የዶላር ሳንቲም አመጣልኝ፤ በጀርባው የአፖሎ 11 የጨረቃ ጉዞ አርማ የሆነው ንስር የወይራ ቅርንጫፍ ይዞ ጨረቃ ላይ ያርፋል። ማግኔት አልሳበውም፤ ይህ ግን ምንም አያረጋግጥም፣ ምክንያቱም ማግኔት መዳብንም ብርንም አይስብም። አንጥረኛ ቤት ስናስመዝነው 22.6 ግራም ሆነ። በመዳብና በኒኬል የተሠራው 22.68 ግራም፣ 40 በመቶ ብር ያለው ግን 24.59 ግራም ስለሚመዝን ነገሩ እዚያው ለየ። ልጁ ቅር ቢለውም ሳንቲሙ ለማስታወሻነት ያምራል።

የዓመተ ምሕረት ነገር ደግሞ በሁለት መንገድ ያጠምዳል። በእኛ አቆጣጠር 1961 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ያረፈበት ዓመት ነው፤ በአውሮፓውያኑ 1961 ግን ጋጋሪን የበረረበት ነው፤ ስለዚህ በመዝገብዎ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሁልጊዜ ይጻፉ። ሌላው ወጥመድ በሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ዓመት የተመታበት ዓመት ነው ብሎ ማመን ነው፤ 1780 የሚለውን ማርትሬዛ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲመቱት እንደነበር የምናውቅ እኛ እንኳ ለዚህ እንሸነፋለን። የሶቪየት መታሰቢያ ሩብሎች እ.ኤ.አ. በ1988 እንደገና ተመትተዋልና፣ ጠርዙ ላይ ይህ ዓመት የተቀረጸ መሆኑን በአጉሊ መነጽር ማየት ያስፈልጋል።

ገንዘብ በብዛት የሚጠፋው «ጠፈር ደርሶ የተመለሰ» በሚለው ቃል ነው። የአሜሪካው ሜዳሊያ ሠሪ ሮቢንስ ኩባንያ ከአፖሎ 7 በረራ ጀምሮ ለጠፈርተኞች የሠራቸው የብር ሜዳሊያዎች ቁጥር የተቀረጸባቸው ናቸውና፣ ቁጥሩን የሚጠቅስ የጠፈርተኛው ደብዳቤ አብሮ ሲገኝ እምነቱ ይጠነክራል። በሌላ በኩል ሳንቲምና ሜዳሊያ የሚመታው የፍራንክሊን ሚንት የግል ድርጅት በአፖሎ 14 ከበረሩት ሜዳሊያዎቹ የተወሰኑትን አቅልጦ ከሌላ ብር ጋር በማቀላቀል ትናንሽ መታሰቢያዎችን ሠርቷል። እነዚህ የበረረ ብር ቅንጣት ያለባቸው ናቸው እንጂ ራሳቸው አልበረሩም፤ ሻጩ ይህን ልዩነት ካድበሰበሰ እኔ አልገዛም።

አቀማመጥን በተመለከተ፣ ጎማ ነክ ማሰሪያ ብርን ያጠቁራል፤ ሽታ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክም ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ቅባት ይተዋል። በሱሉልታ ክረምት እርጥበቱ ከግድግዳ ስለሚወጣ፣ ከጫማ ካርቶን የማወጣቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች በሣጥኑ ውስጥ አኖራለሁ፤ ጥቅምት ሲገባም እለውጣቸዋለሁ።