መልሱ አስቀድሞ የታወቀበት ክፍል፦ የተማሪዎችን ፈጠራ የሚያቀጭጩ ስህተቶች

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ከመምህራን ጋር ስለ ፈጠራ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ እጥረት ያዘነብላል። ቤተ ሙከራ የለም፤ ቀለም የለም፤ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳና ሰባ ተማሪ ታጭቋል። እጥረቱ እውነት ነው፤ አልክድም። ግን ድሬዳዋ ውስጥ ገንደ ቆሬ ወይም ሳቢያን ሰፈር ብትወጡ ከሽቦና ከአሮጌ ነጠላ ጫማ መኪና ሠርቶ፣ መሪውን በረጅም ዘንግ ወደ ላይ አውጥቶ፣ ቆሞ እየነዳ የሚሮጥ ልጅ አታጡም። ጎማው እንዴት እንደሚዞር ያሰበው፣ መታጠፊያውን ሦስት ጊዜ አፍርሶ የሠራው ራሱ ነው። ይኸው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ለአርባ ደቂቃ ሰሌዳ ይገለብጣል። መንገድ ላይ አግኝቶት ክፍል ውስጥ የሚያጣው ነገር መልሱ ገና ያልታወቀ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው፤ ደግነቱ አብዛኞቹን ለማረም ሳንቲም አያስፈልግም።

ፈጠራን ለጥበባት ክፍለ ጊዜ አሳልፎ መስጠት

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የዕይታ ጥበባትን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎታል። መልካም ነው። ጉዳቱ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን "ፈጠራማ የእነሱ ሥራ ነው" ብለው እፎይ ሲሉ ይጀምራል። በዚያ ላይ በጥበባቱ ክፍለ ጊዜም ቢሆን ፈጠራ መኖሩን በደፈናው አትመኑ። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ የሚኖር ልጅ "ቤት ሳል" ሲባል ብዙውን ጊዜ ምን እንደሚስል ተመልከቱ፦ ሁለት ተራራ፣ በመሃላቸው ፀሐይ፣ ጣሪያው ሦስት ማዕዘን የሆነ ቤት፣ ከጎኑ አንድ ዛፍ። ልጁ ያደገበት የሐረሪ ቤት ግን ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ ውስጡ በከፍታ የሚበላለጡ ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች) አሉት፤ ግድግዳው በስፌትና በሳህን አጊጧል። ከዚህ ሁሉ አንዱም ወረቀቱ ላይ የለም፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሳሉት ቤት ጣሪያው ሦስት ማዕዘን ነበራ! ትዕዛዙን "ከቤታችሁ ደጃፍ ቆማችሁ ወደ ግራ ስትዞሩ የምታዩትን ሳሉ" ብሎ መለወጥ ብቻ ስልሳ የተለያየ ሥዕል ያመጣል።

ሒሳብም እንዲሁ ነው። "12 ሲባዛ በ2 ስንት ነው?" ከማለት "መልሱ 24 ነው፤ ጥያቄውን ከቀፊራ ገበያ ይዛችሁልኝ ኑ" በሏቸው። አንዱ ሁለት ደርዘን ማንጎ ይሸጣል። ሌላዋ የ76 ብር አትክልት ገዝታ ከመቶ ብር ላይ መልስ ትቀበላለች። ሦስተኛው ባጃጅ ላይ ሦስት ሰው በስምንት ስምንት ብር ያሳፍራል። መልሱ ያው 24 ነው፤ ሥራው ግን ከመምህሩ ወደ ተማሪው ተሻግሯል።

መልሱ ደብተር ውስጥ ያለን ጥያቄ መጠየቅ

ከስህተቶቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ስለ ጎርፍ የሚሰጥን ትምህርት እንውሰድ። የተለመደው ጥያቄ "የጎርፍ መንስኤዎችን ዘርዝሩ" ነው። ተማሪው ከደብተሩ ላይ "የደን መጨፍጨፍ፣ ከባድ ዝናብ" ብሎ ያነባል፤ መምህሩ ምልክት ያደርጋሉ፤ ትምህርቱ አለቀ። ይህ የሚሆነው ግማሹ ተማሪ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ረግጦ ወደ ትምህርት ቤት በሚመጣባት በድሬዳዋ ነው። ደቻቱ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ ነው፤ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ይነግዱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ግን በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል። ውሃው የመጣው ከደቡብ፣ ከደጋው ነበር።

አንዲት መምህርት ይህንኑ ይዛ እንዲህ ስትል ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፦ "ደጋው ላይ፣ ደንገጎ፣ ዝናብ እየጣለ ነው እንበል። እዚህ ጠብ አላለም። ጊዜው ሌሊት ነው። ደቻቱ ዳር የተኛው ሰው ውሃ እየመጣ መሆኑን በምን ይወቅ?"

መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንዱ "ስልክ ይደወልለታል" አለ። "ማን ይደውላል? ለስንት ሰው?" አለችው፤ ተቀመጠ፤ ማሰቡን ግን አላቆመም። ከኋላ አንድ ልጅ ከላይ በኩል ወንዙን አቋርጦ ገመድ ይወጠር፣ ገመዱ ላይ ባዶ ቆርቆሮዎች ይንጠልጠሉ፣ ውሃው ሲመታቸው ይጮሃሉ አለ። ክፍሉ ሳቀ። አንዲት ልጅ ግን ሳትስቅ "ነፋስ ቢመታቸውስ? በየሌሊቱ ልንሮጥ ነው?" ብላ ጠየቀችው። ልጁ ቆርቆሮዎቹን ዝቅ አደረጋቸው፤ ውሃ ካልደረሰ በቀር እንዳይነኩ። ሌላው ደግሞ ድምፁ ከተማ ድረስ እንደማይሰማ ተናግሮ፣ ላይ ያለው ሰው ለመስጊድና ለቤተ ክርስቲያን ይንገር፣ እነሱ ድምፅ ማጉያ አላቸው አለ። ከዚህ በኋላ "ውሃው ከደንገጎ እዚህ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?" የሚለውን ጥያቄ ያነሱት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ተዳፋቱ፣ አፈሩ፣ የዛፉ መመናመን፣ በደብተር ሊዘረዘሩ የነበሩት መንስኤዎች ሁሉ መልሱን ሲፈልጉ መጡ።

ልብ በሉ፦ መምህርቷ መልስ አልነበራትም፤ ጥያቄው ግን ልክ ያለው ነበር። "ስለ ጎርፍ የመሰላችሁን ተናገሩ" ብትል ኖሮ ጫጫታ ብቻ ታተርፍ ነበር። አንድ ጥንቃቄም አለ። በዚያ ሌሊት ዘመድ ያጣ ቤተሰብ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ስለ ሞቱት ሳይሆን ስለሚድኑት መጠየቅ የተሻለው ለዚህ ነው።

ለመልስ ጊዜ አለመስጠት

ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ከጠየቁ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለካች፤ አንድ ሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲደረግ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ! ከቆርኪ የቀለለ ወጪ ነው።

ሌላው በር ዘጊ "ጎበዝ! አጨብጭቡለት!" ነው። የመጀመሪያው መልስ ከተጨበጨበለት ሁለተኛው ሐሳብ ለምን ይምጣ? "እሺ፣ ሌላስ?" ብሎ ሦስት አራት መልስ ሰሌዳ ላይ ሳይፈርዱ መጻፍ፣ ከዚያ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲመዝኑት መተው ይሻላል።

ሐሳቡ ሳይሰማ ቋንቋውን ማረም

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ጀምሮ፣ በአፋን ኦሮሞ አጋምሶ፣ በሶማሊኛ ቢጨርሰው ሰፈሩ ውስጥ የሚገረም የለም። ሐረር ላይ ሐረሪኛው ይጨመርበታል። ክፍል ውስጥ ግን ገና ሁለተኛውን ቃል ሲናገር ይታረማል፤ ጓደኞቹ ይስቃሉ፤ ከዚያ በኋላ እጁን አያወጣም። የሚያሳዝነው፣ ያ ልጅ ሁለትና ሦስት ቋንቋ ስለያዘ አንድን ነገር በሁለትና በሦስት በኩል የማየት ልምድ አለው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባና ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ የሚናገረው ያጠናትን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ ከዴስክ ጓደኛው ጋር በፈለገው ቋንቋ ይመካከር፤ ከዚያ በትምህርቱ ቋንቋ ያቅርብ። እርማቱም ሐሳቡ ካለቀ በኋላ ይሁን። የሚስቀውን ዝም ማሰኘት ደግሞ የመምህሩ ግዴታ ነው፤ ለዚህ ሽማግሌ አይላክም።

በሽልማት ማባበል

እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ከፈሉ። ለአንዱ ቡድን "ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ" ተባለ። ሁለተኛው ሳያውቅ ከሳለ በኋላ ተሸለመ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሽልማት የሌለበት የጨዋታ ሰዓት ላይ ሲታዩ፣ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች በሥዕሉ ላይ ያጠፉት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ገደማ ያንስ ነበር። በድንገት የተሸለሙት ግን አልተጎዱም።

ስለዚህ በወላጆች ቀን እስክሪብቶና ደብተር መስጠቱን ተዉ አልልም። "ፈጠራ ለሠራ አሥር ማርክ" ብሎ አስቀድሞ ማወጁን ግን ተዉት። ማርክ የታወጀለት ልጅ አደጋ ያለበትን ሐሳብ አይነካም፤ ባለፈው ዓመት ያሸነፈውን ይደግማል።

የአባት ሥራ የሚወዳደርበት ውድድር

ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ ዐውደ ርዕይ ያዘጋጃል፤ እንግዶች ይመጣሉ፤ ጠረጴዛው ላይ በብየዳ ቤት የተሠራ፣ ቀለም የተቀባ፣ አምፖሉ የሚበራ የኃይል ማመንጫ ግድብ ይቀመጣል። ከኋላው የቆመውን ተማሪ "ይህ ሽቦ እዚህ ባይኖርስ?" ብላችሁ ብትጠይቁት ወደ አባቱ ዞር ይላል። ጥግ ላይ ደግሞ በካርቶን የተሠራ፣ ያልሠራለት የውሃ ማጣሪያ ይዞ አንድ ልጅ ቆሟል፤ አሸዋው ለምን እንደደፈነበት በዝርዝር ያውቃል። ዳኞቹ አይተውት ያልፋሉ።

ከቤት የመጣን ዕቃ መሸለም ቢቀር ደስ ይለኛል። ውድድሩ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በአንድ ከሰዓት፣ ለሁሉም እኩል በተሰጠ ካርቶንና ገመድ ይካሄድ። ዳኛውም "ምን ሞክረህ አልሠራልህም?" ብሎ ይጀምር።

ከባዶ በቡድን ማስጀመር

አጭር ነው። አምስት ሰው "አብራችሁ አስቡ" ሲባል አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያወራል፣ ሦስቱ ስማቸውን ያስመዘግባሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 በዬል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናትም ለየብቻ ያሰቡ ሰዎች ሐሳብ ሲደመር አብረው ከተቀመጡት በልጦ አግኝቶታል። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ለየብቻ በጽሑፍ፤ ከዚያ ቡድን።

ገደብ የፈጠራ ጠላት ይመስላል

"በፈለጋችሁት ርዕስ ድርሰት ጻፉ" የሚለው ትዕዛዝ ቸርነት ይመስላል፤ የሚመጣው ግን ከዓምናው የተቀዳ ድርሰት ነው። ቅኔ ቤቱን እዩ። ደቀ መዝሙሩ በየጊዜው አዲስ ቅኔ መቁጠር፣ ማለትም ራሱ መድረስ፣ አለበት፤ የሰው ቅኔ ደግሞ ማቅረብ አይችልም። በሌላ በኩል ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭሩ የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ልኩ የታወቀ፣ ዜማው የታወቀ። ያ ጥብቅ ልክ ነው ተማሪውን ገለል ብሎ እንዲያወጣና እንዲያወርድ የሚያስገድደው። ሐረር ውስጥ የግድግዳ ስፌት የምትሰፋዋ ሴትም እንዲሁ፤ ከመሃል ጀምራ እየዞረች ከመስፋት ውጭ መንገድ የላትም፤ ያም ሆኖ የእሷን ስፌት ከጎረቤቷ ለይታ ታውቀዋለች።

ስለዚህ ገደብ ስጡ። "ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ያለች አንዲት የስፌት መኪና ዛሬ የሰማችውን ትናገር። ሃምሳ ቃል። 'ልብስ' የሚለው ቃል አይፈቀድም።" ከዓምናው ደብተር የሚቀዳ አይገኝም።

የቃል ጥናትን እንደ ጠላት ማየት

ይህ በፈጠራ ሥልጠና ማግስት የሚመጣ የተገላቢጦሽ ስህተት ነው። ቁርአን ቤት የዋለ ልጅ ብዙ ነገር በቃሉ ይዟል፤ ያ ጉልበት ነው። ባዶ ጭንቅላት ምንም አይፈጥርም፤ ስለ አሸዋ ባሕርይ የማያውቅ ልጅ የውሃ ማጣሪያ ማሻሻል አይችልም። ችግሩ የተያዘው እውቀት ለፈተና ከመመለስ ሌላ ሥራ ሳይሰጠው ሲቀር ነው።

"ፈተናውስ?" የሚሉ መምህራንን እረዳቸዋለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ተጨንቋል። ግን እነዚያ ልጆች ዓመታቸውን የፈጁት ሰሌዳ በመገልበጥ ነበር እኮ። አይቶት የማያውቀው ጥያቄ ሲመጣ መላ መምታት ያልለመደ ተማሪ፣ ፈተና ላይም የሚሸነፈው በዚያው ነው።

ጸጥ ያለን ክፍል ጥሩ ክፍል ማለት

ርዕሰ መምህሩ በኮሪደር ሲያልፉ ጫጫታ ከሰሙ ይገባሉ፤ ሱፐርቫይዘሩ ቅጹ ላይ "የክፍል አያያዝ" በሚለው ዝቅ ያለ ነጥብ ይሰጣል። ወጣት መምህር በዚህ ምክንያት በሁለተኛው ዓመት ሁሉንም ትቶ ወደ ማስታወሻ ማጻፍ ይመለሳል። ይህን ማረም የመምህሩ ብቻ ሥራ አይደለም፤ እስኪታረም ግን አንድ ዘዴ አለ። የዕለቱን ክፍት ጥያቄ በትምህርት ዕቅዱ ላይና በሰሌዳው ራስጌ በትልቁ መጻፍ፣ ከሥሩም የመወያያ ሰዓቱን፣ ለምሳሌ "ከ4፡10 እስከ 4፡25" ብሎ ማስፈር። የገባው ሰው ጫጫታው ስለ ምን እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ አንብቦ ያውቃል፤ ከፈለገም ተቀምጦ መልስ ይሞክር።